ሠላሳ ጌጅ ግድግዳ

ቆርቆሮ ሲቀደድ የሚያወጣው ድምፅ ዛሬም ሰውነቴን ይሰቀጥጠዋል። ሰሞኑን ጎረቤቴ አሮጌ አጥሩን ሲያፈርስ ሰማሁትና፣ ሳላስበው ትከሻዬን ያዝኩ።

ያኔ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር፣ እህቴና ባሏ ዘንድ ተጠግቼ እኖር ነበር። ከአገር ቤት ያመጣኝ ደላላ በባሕር ወደ የመን ሊያሻግረኝ ሲል አምልጬው ነው እነሱ ጋ የገባሁት። ንብረቴን መልሱ እያለ ይዝትባቸው ነበር። ንብረት የሚለው እኔን ነው።

የእህቴ ባል በያጅ ነበር። ዛቻው ሲበዛ የእንጨቱን በር ነቅሎ በጥቁር ላሜራ አዲስ በር ሠራ። ዐሥራ ስድስት ጌጅ ነው ሲለን እህቴ ሳቀችበት። አከራያችን የቆርቆሮ ግድግዳው ሠላሳ ጌጅ መሆኑን ነግሯት ስለነበር፣ ግድግዳው ከበሩ እጥፍ የሚጠነክር መስሏት ነው። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አልሳቀም። የሁለቱንም ጠርዝ በጣታችን አስዳሰሰን። በሩ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ይሆናል፤ ግድግዳው የዚያን ሩብ እንኳ አይሞላም።

"የጌጅ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል" አለን። "ቁጥር አያታልላችሁ።"

ግድግዳውንም በላሜራ ሊያለብሰው አስቦ ነበር። አልደረሰበትም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ የዕለቱ ጫት ከኢትዮጵያ ገብቶ ሰው ሁሉ ለመቃም በየቤቱ ሲቀመጥ፣ ሰፈሩ ጭር ባለበት ሰዓት፣ ደላላው ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። የእህቴ ባል ሥራ ላይ ነበር። በሩን በድጅኖ ይወግሩት ጀመር። በመቱት ቁጥር ቤቱ ይናጣል፣ የጣራው ዝገት እላያችን ላይ ይረግፋል። በሩ ጎደጎደ እንጂ አልተበሳም።

ድብደባው ሲቆም የሄዱ መስሎኝ ግድግዳውን ተደግፌ ተነፈስኩ። ወዲያው መጥረቢያ ቆርቆሮውን ሰንጥቆ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ግድግዳው እንደ ጨርቅ ተተረተረ። የደላላው እጅ በቀዳዳው ገብቶ ፀጉሬን ጨመደደና ይጎትተኝ ጀመር። የተቀደደው ጠርዝ አንገቴን ሲልጠኝ፣ የጋለ ብረትና የደም ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

እህቴ የባሏን መዶሻ አንስታ ክንዱን መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ግን አልለቀቀኝም፤ ደገመችው። ይሄኔ ከሰዎቹ አንዱ ድጅኖውን በቀዳዳው አሾልኮ ፊቷን ወጋት። ደሟ በጉንጯ እየወረደ በሁለት እጇ አቅፋኝ ነበር።

"አለሁልሽ" ትለኝ ነበር። "አለሁልሽ።"

ጩኸታችንን የሰሙ ሶማሌ ጎረቤቶቻችን፣ ሴቶቹ ከፊት ሆነው፣ ድንጋይ ይዘው ወጡ። ደላላው የተሰበረ ክንዱን ታቅፎ ሸሸ፤ ሁለተኛም አልመጣም።

የእህቴ ግራ ዓይን ግን ጠፋ። ባሏ ግድግዳውን ዙሪያውን በላሜራ አለበሰው። እሷ በጎን ማየት ስለማትችል፣ ካጠገቧ ሆኜ ሳወራት ሥራዋን ትታ ፊቷን ሙሉ ለሙሉ ወደ እኔ ታዞር ነበር። ካረፈች ወዲህ፣ ሳወራ እንደዚያ ዞሮ የሚያየኝ ሰው አላገኘሁም።