በዋሳው ጉድጓድ አጠገብ ያለፈው ቧንቧ

ባሌ አንድ ጊዜ ለሥራ አዋሳ ሄዶ፣ ሆቴል ውስጥ ሻወር ታጥቦ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣን። «ይኼ ቧንቧ ነው ወይስ የሽማግሌ ሽንት?» እያለ የጓሯችንን ውሃ ያማርራል። በጃንሆይ ጊዜ ዲላ ውስጥ ጓሮው ቧንቧ የገባለት ቤት ጥቂት ነው፤ እኔማ ተመስገን ባይ ነበርኩ። ግን አልዋሽም፣ ቀጭኑ ቱቦ ዝጎ ተደፍኖ አንድ ባልዲ እስኪሞላ ወጥ ሠርቼ እጨርስ ነበር።

በመጨረሻ ወፍራም ቱቦ ገዝቶ ቧንቧ ሠራተኛ አመጣ። መስመሩ የሚያልፈው በእንሰቱ መሃል ነው። እዚያ ደግሞ አማቴ ዋሳቸውን ቀብረዋል። ዋሳ ማለት ከእንሰት ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ የሚብላላው ቆጮ ነው። ያኛው ለመጨረሻ ሴት ልጃቸው ሠርግ የተቀመጠ ነበር፤ ሠርጉም በሚቀጥለው ሳምንት። ውሃ ከገባበት አለቀለት።

«ልጄ፣ ጉድጓዱን ዞረህ እለፍ» አሉት።

ጆሮ ዳባ ልበስ! «ቧንቧ በተጠማዘዘ ቁጥር የውሃው ጉልበት ይሞታል» ብሎ ከጉድጓዱ አፍ አንድ ክንድ ርቆ ቀጥ አድርጎ አስቆፈረ።

«አንተ ሰው፣ ኧረ የእናትህን ቃል ስማ!» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቧንቧ ያወቅሽው?» አለኝ። ደሜ ፈላ።

ውሃው ሲለቀቅ ቧንቧው እንደ ኮርማ አጓራ፤ ባልዲው ውስጥ የገባው ተመልሶ ፊታችን ላይ ተረጨ። ባሌ «እሰይ!» ብሎ አጨበጨበ። ብዙም ሳይቆይ ግን ውሃው ሳሳ፤ ጭራሽ ቀጠነ። እኔና እሱ ስንተያይ አማቴ ቀድመውን ወደ እንሰቱ ሮጡ።

አንዱ መጋጠሚያ ግፊቱን አልቻለም፤ ውሃው አፈሩን እየናደ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። ሠራተኛው ቆጣሪው ጋ ያለውን መዝጊያ ሊያዞር ሲል የዛገው እጀታ ተሰብሮ እጁ ላይ ቀረ። «ከዋናው መስመር ላስዘጋ!» ብሎ ወደ ማዘጋጃ ቤት በረረ። ባሌ ጋቢውን መጋጠሚያው ላይ ጠምጥሞ በሁለት እጁ አንቆ ያዘ፤ ውሃው በጣቶቹ መሃል እየሾለከ ፊቱን ይመታዋል። እኔና አማቴ አፈሩን በእጃችን እየዛቅን፣ ዋሳውን ከነቅጠሉ እያወጣን ወደ ጓዳ እንሮጣለን። በአማቴ ወገን የሠርግ ዋሳ ያነሰበት ቤት እስከ ልጅ ልጅ ይታማል፤ ሙሽራዋ አሳዘነችኝ።

ውሃው ሲዘጋ ግማሹ ተበላሽቶ ነበር። አማቴ ከታችኛው ቆንጥረው አሸተቱና መልሰው ጉድጓዱ ውስጥ ጣሉት። አለቀሱ። ለባሌ ግን አንድ ቃል አልተናገሩም። ምነው በሰደቡት አልኩ።

የተረፈው እንደ ምንም ለእንግዳ በቃ። በሠርጉ ዕለት አማቴ በሰዉ መሃል እየዞሩ «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ!» ይላሉ። ባሌ ጋ ሲደርሱ ቀና ብሎ ጠበቃቸው። እሱን አልፈው ከጎኑ የተቀመጠውን እንግዳ «በሞቴ» አሉት።