ዘጠኝ ፎቅ ወደ አርዲቦ

ከቤት የወጣሁ ለት ሱብሂን ሰግደን ነው ከእናቴ ጋር ቁልቁለቱን የወረድነው። ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወደ አርዲቦ ሐይቅ በሚወስደው አቀበት ላይ ነው። ልጄ ሐያት ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ እንዳታለቅስብኝ በተኛችበት ግንባሯን ስሜ ወጣሁ። ሐይቁ ከታች ጉም ለብሷል፣ እኔ ሻንጣ ተሸክሜ እንደ ፍየል እየዘለልኩ እወርዳለሁ፣ እናቴ ከኋላዬ ትጮሃለች።

«ቀስ በይ አንቺ ልጅ! አረብ አገር የትም አይሄድብሽም!»

ወላሂ፣ ያን ጊዜ እግር እንዳለኝም አላውቅም ነበር። የማያምህን ነገር ማን ያስታውሰዋል? መንገድ ዳር ስንደርስ እናቴ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችልኝ፣ ሚኒባሱም ጭኖኝ ወደ ደሴ ነጎደ።

ኩዌት ገባሁ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እኛ ዘንድ ነፋስ ሲነፍስ ሰው ጋቢ ይደርባል፤ እዚህ ሲነፍስ መስኮት ይዘጋል፣ ከምድጃ አፍ የወጣ ነው የሚመስለው። ሰው በእግሩ አይሄድም። የማዳም ቤት ትልቅ ሕንፃ ላይ ነው፣ በላያችን ዘጠኝ ፎቅ አለ። እኔ ከማድ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ማድ ቤት ነኝ። ማዳም የመሮጫ ማሽን ነበራት፣ ግን አንድ ቀን ስትሮጥበት አላየሁም፤ የአባያ ቀሚሷ ማንጠልጠያ ሆኖ ቀርቷል። አቧራውን በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነኝ፣ ላዩ ላይ መውጣት ግን አልተፈቀደልኝም።

ደግሞ ምግቡ! እንግዳ ሲመጣ በትልቅ ትሪ ሩዝ በሥጋ ይቀርባል፣ ከዳር ከዳሩ ይነካና ወደ ቆሻሻ። ያረቢ! የወደቀች ፍርፋሪ እንኳ አንሥታ የምትስም እናት ያሳደገችኝ ሰው ምግብ ልድፋ? የተረፈውን ሁሉ ማድ ቤት ቁጭ ብዬ እጨርሰው ነበር። ሐራም እንዳይሆንብኝ ብዬ እኮ ነው የወፈርኩት!

ከአራት ዓመት በኋላ ለእረፍት ስመለስ የሐይቅ ሰው በእልልታ ተቀበለኝ። «ማሻ አላህ! አረብ አገር ተስማማሽ! ፊትሽ እንዴት ሞልቷል!» ኮራሁ። ምን ያደርጋል፣ ኩራቴ እስከ አቀበቱ እኩሌታ ድረስ ብቻ ነበር። እዚያ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱ ላይ ቁጭ አልኩ፣ አልነሳ አልኩ። ትንፋሼ ሄደ። ስድሳ ዓመት ያለፋት እናቴ በትሯን ተደግፋ ቆማ ታየኛለች። ሐያት ስምንት ዓመት ሆኗታል፣ ላይ ሮጣ ደርሳ ተመለሰች። በመጨረሻ የጎረቤት በቅሎ መጣልኝና እንደ ሙሽራ ተጭኜ ገባሁ። ሐያት ከበቅሎዋ ጎን እየሄደች አያቷን ጠየቀቻት።

«እማማ፣ እማ እግሯን እዚያ ረስታው ነው የመጣችው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በእረፍቴ ወር ሙሉ ልጄ «እንሂድ አርዲቦን ላሳይሽ» ስትል «ነገ» እያልኩ አለፈ። ወደ ኩዌት ስመለስ ለራሴ ማልኩ፦ በሚቀጥለው ስመጣ ያንን አቀበት ከልጄ ጋር በእግሬ እወጣዋለሁ።

ታዲያ እኛ አገር ሥራ ሲከብድ ደቦ ይጠራል አይደል? ማሳው በአንድ ቀን ታጭዶ፣ ተበልቶ ተዘፍኖ ያልቃል። እኔም እንደዚያ መሰለኝ። ኩዌት በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ማዳም ከሰዓት ከአስር ሶላት በኋላ ሸለብ ስታደርግ፣ ዘጠኙንም ፎቅ ባንዴ ልወጣ በደረጃው ተነሣሁ። አምስተኛው ላይ ዓለም ዞረብኝ። በአሳንሰር ወረድኩ፣ ሁለት ቀን እንደ ዳክዬ ስራመድ ከረምኩ። ለእናቴ ደውዬ አለቀስኩ።

«እግርሽ ላይ ደቦ ልትጠሪበት ነው እንዴ?» አለችኝ። «የጓሮውን ካብ ማን ሠራው?»

«አንቺ።»

«እንዴት አድርጌ?»

ትዝ አለኝ። እናቴ ውኃ ቀድታ በተመለሰች ቁጥር ከመንገድ አንድ ድንጋይ ይዛ ትመጣ ነበር። ጎርፍ አፈሩን እየወሰደባት ነበርና በዚያ ድንጋይ ነው ጓሮው የተረፈው።

«አንድ ብቻ» አለች። «ሁለት ያነሣሁ ለት በማግስቱ ወገቤን ይዤ እውላለሁ፣ የካቡም ሥራ ይቆማል። አንድ ሲሆን ግን ገላዬም አያውቀው። አብሽሪ ልጄ፣ አንድ ፎቅ ውጪና ተመለሽ።»

አንድ ፎቅ! ይሄም ስፖርት ተብሎ? አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። ግን ከአስር ሶላት በኋላ መስገጃዬን አጥፌ አንድ ፎቅ ወጣሁ፣ ወረድኩ። በማግስቱም። በማግስቱም። ሳምንት ሳይሞላ የሕንፃው ዘበኛ፣ እዚህ ሐሪስ ነው የሚሉት፣ በካሜራ አይቶኝ ማዳም ዘንድ ደወለ። ማዳም ወገቧን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ልትጠፊ ነው?»

«ማዳም፣ የሚጠፋ ሰው ወደ ታች ነው የሚወርደው። ወደ ላይ ወጥቼ ወዴት ልጠፋ? ክንፍ አለኝ?»

«ታዲያ አሳንሰሩ ተበላሽቷል?»

«አሳንሰሩ ደህና ነው። የተበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ትንሽ አሰበች። «ስንት ፎቅ ነው የምትወጪው?»

«አንድ።»

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አንድ! ለአንድ ፎቅ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ?» ከዚያ እጇን አወናጨፈች። «ሂጂ፣ ሂጂ። ስልክሽን ግን ያዢ፣ ብትወድቂ ማን ያነሣሻል?»

ወር ሲሞላ አንድ ፎቅ ጨመርኩ። ሌላ ወር፣ ሌላ አንድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ እንቁላሉ እኔው ሆኜ አረፍኩት! ዒድ ጊዜ እንግዳ በእንግዳ ላይ ሆኖብን አንድ ቀን ቀረሁና አለቀ ደቀቀ ብዬ ለእናቴ ደወልኩ። «ድንጋይ ያላመጣሁበት ቀን የለም ያለሽ ማነው?» አለች። «ካቡ አልፈረሰ። ብቻ ሁለት ቀን አታስከትዪ።»

አራተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ አባያዬ ሰፋኝ። ደረጃው ድምፅ ያስተጋባል፣ አንጎራጉርበት ጀመር፤ አንድ አምባሰል ትንፋሽ ሳያጥረኝ ከጨረስኩ ያ ቀን ጥሩ ቀን ነው። ሐሪሱ እንኳ ለምዶኝ፣ ዝም ያልኩ ለት «ዛሬ ደህና አይደለሽም?» ይለኛል። የተረፈውን ሩዝም መብላት ተውኩ። ጣሪያው ላይ እርግቦች አሉ ሲሉኝ በፌስታል ቋጥሬ ልሰጣቸው ተመኘሁ፤ ግን ጣሪያው ሩቅ ነበር።

ባለፈው ዓርብ ደረጃውን መውጣት ከጀመርኩ ዘጠነኛው ወር ገባ። ሩዜን ቋጥሬ፣ ስልኬን ይዤ ለሐያት ደወልኩ። የአያቷን ስልክ ይዛ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ጋ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፤ ተቀጣጥረን ነው። «አንቺ ከድንጋዩ፣ እኔ ከማዳም በር» አልኳት። «ቢስሚላህ!»

ተነሣን። እሷ እዚያ ትሮጣለች፣ እኔ እዚህ እወጣለሁ፣ ትንፋሿ በጆሮዬ ነው። «እማ፣ የት ደረስሽ?» «አምስት!» «እኔ ቁልቋሉ ጋ!» ሰባተኛው ላይ ኔትዎርኩ ተቆረጠ፤ ልቆም ነበር፣ ልጄ እየሮጠች ብቆም ምን እላታለሁ ብዬ ቀጠልኩ። የጣሪያውን በር ስገፋው ፀሐይዋና ሙቀቱ ባንድ ላይ ተቀበሉኝ፣ እርግቦቹ ብር አሉ፣ ስልኩ ጮኸ።

«እማ! እኔ ቤት ገባሁ! አንቺስ ደረስሽ?»

«ደረስኩ!»

«ሳታርፊ?»

«ሳላርፍ፣ ወላሂ!»

«እማማ! እማ እግሯን አገኘችው!» ብላ ስትጮህ ሰማሁ፣ ከኋላዋ የእናቴ እልልታ ቀለጠ። ሩዙን ለእርግቦቹ በተንኩና ብቻዬን ከውኃ ታንከሮቹ መሃል ቆሜ ሳቅሁ፣ አለቀስኩ። አልሐምዱ ሊላህ። ደስታዬ አላስችል አለኝ። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሕንፃ፣ አሸዋ፣ ሕንፃ። ኮንትራቴ ገና ስምንት ወር ይቀረዋል።

ሐያት ወደ ስልኩ ተመለሰች፣ ትንፋሿ ገና አልሰከነም።

«በይ እንግዲህ፣ ይዘሽው ነይ» አለችኝ። «ድንጋዩ ጋ እጠብቅሻለሁ።»