ድንጋይ ያልወደቀበት ቤት

በ2015 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ፣ ሰኔ ላይ፣ ቦንጋ እኛ ሰፈር በቤቶች ጣሪያ ላይ ድንጋይ ይወድቅ ጀመር። ማን እንደሚወረውረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔም አላውቅም። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከአጥራችን ወዲያ ካለችው ጎረቤቴ፣ ከልጄ የክርስትና እናት ጋር፣ በእሷ ማድ ቤት ተቀምጠን ጎመን እንቀነጥስ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ቆርቆሮው ጓ አለና አንድ ነገር ተንከባሎ ጓሮ ወደቀ። ወጥተን ስናይ የጡጫ ያህል ድንጋይ ነው። ጎረቤቴ አነሣችውና "ሞቃት ነው" አለች። ተቀብዬ ያዝኩት። እውነትም ሞቃት ነበር፤ የእጇን ያህል።

በማግስቱ ወፍጮ ቤቱ ተመታ። ከዚያ ጡረታ የወጡት መምህር ቤት፣ ከዚያ ከታች ያሉት። ሁልጊዜ ወደ ማምሻው ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው። ባለቤቴ "በዝናቡም ጊዜ ይወድቅ ይሆናል፤ በዚህ ዝናብ ማን ይሰማዋል?" ይል ነበር።

ሰዉ ብዙ ተናገረ። ጉሬዛ ነው ያሉ ነበሩ፤ ጉሬዛ ድንጋይ ሲወረውር ያየ ግን አልተገኘም። ሰይጣን ነው ያሉም ነበሩ። ሥራ ያጡ ጎረምሶች ናቸው ሲባል ጎረምሶቹ ተቆጥተው ዘብ ቆሙ፤ ዘብ በቆሙ ዕለት የእናቶቻቸው ቤት ተመታ። በኋላ ፖሊስ ተልኮ መጣ። አድፍጦ ሊይዝ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ዝናብ ስለነበር ጥላ ዘረጋ፤ ጥላው ቢጫና ቀይ ነው። አላፊ አግዳሚው "እንደምን ዋሉ፣ ተያዘ?" እያለ ይጠይቀው ነበር። "ገና ነው" ይላል እሱም በትህትና።

ከዚያ አንድ ሰው "የሚወረውር ሰው የራሱን ቤት አይመታም" አለ። ነገሩ እውነት ይመስላል። እኔም ስሰማ ራሴን ነቅንቄአለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የተመታ ቤት መቁጠር ቀረና ያልተመታ ቤት መፈለግ መጣ። መጀመሪያ የተገኘው መንገድ ዳር ተከራይቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነው። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ሰላምታ ብቻ ቀረበት፤ ቀጥሎ ልብስ የሚያሰፋ ቀረበት፤ በመጨረሻ አከራዩ "ቤቱን ለልጄ ፈልጌዋለሁ" አለው። የስፌት መኪናውን በባጃጅ ጭኖ መናኸሪያ ወረደ። ሌላ ከተማ፣ ሺሺንዳ ገባ አሉ። ድንጋዩ ግን መውደቁን አልተወም።

ከልብስ ሰፊው ወዲህ ሰው ሁሉ ቤቱ ሳይመታ እንዳይቀር ይፈራ ጀመር። ጠዋት ውኃ ስንቀዳ ወሬው ሌላ አልነበረም።

"ደረሳችሁ?"

"ትናንት ደረሰን፣ ተመስገን።"

"ትልቅ ነው?"

"ደህና ነው። እናንተስ?"

እኔ ባልዲዬን አንሥቼ እሄዳለሁ።

ቀበሌው ስብሰባ ጠራ። ከጤና በኩል አንድ ወጣት ባለሙያ መጥቶ ነበር። "ሰው አብሮ ሲፈራ ያልነበረ ነገር ሊሰማ ይችላል። የሰማው ሰው ውሸታም አይደለም፤ እውነት ይሰማዋል። ይህ የጅምላ ፍርሃት ይባላል" አለ። በጥሩ ንግግር ነው ያስረዳው። አንዲት አዛውንት ተነሡ።

"ልጄ፣ የሌላውን እንጃ፤ እኔ ጋ የደረሰው በችርቻሮ ነው። አንድ ብቻ።"

ሰው ሳቀ። ወጣቱም ሳቀ። ከዚያ ሰብሳቢው "ያልደረሰበት አለ?" ብለው ጠየቁ።

እኔ ነገር አላበዛም። የተደረገልኝን መሸሸግ ግን አልለመድኩም። ተነሥቼ "እኛን እስካሁን አልነካንም፤ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለቤቴ ጫማውን ያይ ነበር።

"ሌላስ?" አሉ ሰብሳቢው።

ከኋላ አንድ ሰው "ከወንዙ በላይ ያሉት ሽማግሌም አልደረሰባቸውም" አለ። ሽማግሌው ከሩቅ አገር፣ ከደካ በኩል የመጡ፣ ጫካ ገብተው ቀፎ የሚሰቅሉ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ስብሰባ አይመጡም።

"የሳቸውማ ቤት ሣር ነው። በሣር ላይ ቢወድቅ በምን ይታወቃል?" አለ ሌላው።

"እሺ፣ እሳቸው ለጊዜው ይቆዩ" ተባለ። እኛ ግን ባለ ቆርቆሮ ነን።

በዚያ ወር የእመቤታችን ጽዋ ተራው የኔ ነበር። ባለፈው ወር ጽዋውን ተቀብያለሁ፤ በመሶብ ሆኖ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቤቴ ገብቷል። ተራዬ ሲደርስ ማኅበርተኛው ቤቴ ገብቶ ካልጠጣ ቤቴ ከሰፈሩ ወጣ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ባጃጅ መጥራት ነው። ያን ቤት ያቆምነው ልጄን ሳረግዝ ነው። ሌላ ቦታ የለንም።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ "እማዬ፣ አንድ ብቻ ቢወድቅ ምን አለበት?" አለችኝ።

"ማን ምን አለሽ?"

"አላሉኝም። 'እናንተስ መቼ ነው?' ብቻ ነው የሚሉኝ። እንደ ሠርግ።"

ባለቤቴ በዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት ይሠራል። አንድ ቀን ጃኬቱን ሳያወልቅ ማድ ቤት መጣና "እኔ ልወርውርና ኬዙ ይዘጋ" አለኝ።

"ምኑን?"

"ድንጋዩን። ከጓሮ በኩል አንዲት ትንሽ። ጣሪያው የራሳችን ነው፤ ማንን ጎዳን?"

"ውሸቱስ የማን ነው?"

"እሱም የራሳችን።"

"ጽዋው ባለበት ቤት አይሆንም" አልኩት። ዞር ብሎ ወደ መሶቡ በኩል አየና ጃኬቱን አወለቀ።

የነፍስ አባቴ ጋ ሄድኩ። "አባቴ፣ ድንጋይ እንዲወድቅብኝ መጸለይ ይፈቀዳል?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እንዲህ ያለ ጸሎት አላጋጠመኝም" አሉ። ቀጥለውም "ከጸለይሽም መጠኑን ግለጪ" አሉ። ቀልድ ያውቃሉ። ስነሣ ግን "እኔ እመጣለሁ። ማንም ባይመጣ እኔና እናንተ እንጠጣለን" አሉኝ። ይህን ውለታ አልረሳም። አልጸለይኩም።

ቀኑ ደረሰ። ጾመ ሐዋርያት ስለሆነ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው የሚጠጣው፤ ያ ደግሞ ዝናቡ የሚያባራበት፣ ድንጋዩም የሚመጣበት ሰዓት ነው። ዳቦው ደርሷል፣ ጠላው ጠልሏል፣ ቆሎና ንፍሮው ቀርቧል። ማኅበርተኛው አልመጣም። ቀረ እንዳይባል ግን ሁሉም ምክንያት ልኳል። አንዷ ጥርሷን አሟታል። አንዱ እንግዳ መጥቶበታል። አንዷ ላሟ ልትወልድ ነው። ልጄ በመስኮት አየችና "እማዬ፣ ጥርሷን ያመማትማ ከመንገዱ ማዶ ቆማለች" አለች። ተነሥቼ አየሁ። ሁሉም እዚያ ነበሩ። ወፍጮ ቤቱ ሥር ጥላ ዘርግተው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደኛ ጣሪያ ያያሉ።

አባታችን እንደ ቃላቸው መጥተው ነበርና ጸሎት ጀመሩ። ባለቤቴ ከፊቴ፣ ልጄ ከጎኔ ቆመናል።

ጓ አለ። ከዚያ ተንከባለለ።

ሦስታችንም ቀና አልን። አባታችን ጸሎቱን አላቋረጡም፤ ድምፃቸውን ብቻ ትንሽ ከፍ አደረጉ። ወዲያው የግቢው በር ተከፈተ። ማዶ የቆመው ሁሉ ጥላውን እያጠፈ ገባ።

"እንኳን ደረሰሽ፣ እትዬ።"

"እኔማ ብያለሁ፤ እሷን አይረሳትም ብያለሁ።"

"ድምፁ ከኛው ይበልጣል።"

"አይበልጥም። የነሱ ቆርቆሮ አዲስ ስለሆነ ነው።"

አንዷ እልል ልትል አፏን ከፈተችና አባታችንን አይታ ዘጋችው። ባለቤቴን እየዞሩ ጨበጡት። ላሟ ልትወልድ ነው ያለችው ሁለት ጊዜ ሳመችኝ። ጥርሷን ያመማት ቆሎ ስትቆረጥም ሰማኋት።

የልጄ የክርስትና እናት ከሁሉም ኋላ፣ በጓሮ በኩል ገባች። "እስቲ ውኃ አፍስሽልኝ፤ አዳልጦኝ ነው" አለችና እጇን ዘረጋች። ጭቃው በቀኝ መዳፏ ብቻ ነው። ቀሚሷ ንጹሕ ነበር። አልጠየቅኋትም፤ ቀና ብላም አላየችኝም። ውኃውን ቀስ ብዬ አፈሰስኩላት። እሷን የሰጠኝ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጽዋው ዞረ። ቤቱ ሞላ፣ ወንበር ጠፋ፣ ሰው ሳቀ። ስንት ቀን ያልበላሁ ያህል ራበኝ፤ ዳቦ ቆርሼ ተቀመጥኩ። ያኔ ሙሴ የምንላቸው የማኅበሩ አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ የቀሩት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።"

"ሣር ነው ተብሎ የለም?" አለ ባለቤቴ።

"ሣርስ ቢሆን? ሊመታ የፈለገ ይመታል። ይኸው እናንተንም ዘግይቶ መታችሁ።"

"እሱስ እውነት ነው" አሉ ከወዲያ።

"ነገ በጠዋት ሄደን በሰላም እናነጋግራቸው። ወደ ደካቸው ቢመለሱ ለሳቸውም ይሻላል። ክፉ አንናገርም።"

ልብስ ሰፊውንም ክፉ የተናገረው አልነበረም። የያዝኩትን ዳቦ መልሼ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ከነሱ ቀድሜ ወጣሁ። ከዳቦው የተረፈውን በነጠላዬ ሥር ይዤ ወንዙን ተሻገርኩ። ሽማግሌው ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ቀፎ በሐረግ ያስሩ ነበር። ዳቦውን ሰጠኋቸው፤ መርቀው ተቀበሉ።

"አባባ፣ ድንጋይ ወድቆብዎታል?"

"እንጃ፣ ልጄ። ሣር ነው። ሣር አይናገርም።"

"ሊያስወጡዎት እየመጡ ነው።"

"ድንጋይ ስላልመታኝ?"

"አዎ።"

ሐረጉን ጠበቅ አደረጉ። "ቢመታኝ ይተዉኛል?"

"ይተዉዎታል።"

"ይህ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይለመናል?"

"ከፈቀዱልኝ እኔ ልወርውር" አልኳቸው።

አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ጣሪያቸውን ዞረው አዩ። "በወዲያ በኩል አድርጊው። በዚህ በኩል ያፈሳል" አሉ።

ድንጋይ አነሣሁና ቆሜ ጠበቅኩ። ብቻዬን፣ ማንም ሳያየኝ ብወረውር ባለቤቴ ያሰበው የውሸት ድንጋይ ይሆናል። ሙሴው ከፊት፣ ሌሎቹ ተከትለው ከወንዙ ሲወጡ፣ ሁሉም እያዩኝ ወረወርኩ። ሣሩ ውስጥ ገባ። ምንም ድምፅ አልነበረውም።

ሙሴው ቆሙ። "እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

በሕይወቴ ድምፄን ከፍ ያደረግኩበት ቀን ጥቂት ነው። ያን ጊዜ ግን ከወንዙ ማዶ እንዲሰማ አድርጌ "ድንጋይ ወድቆባቸዋል። የወረወርኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ከዚያ ሌላ ድንጋይ አነሣሁ፤ ከኋላ ያላዩ ነበሩና።