ላብ የረሳችው ሴት በካርቶን ስታራግብ

በሩን የከፈተችልኝን ሴት ከፕሮፋይል ፎቶዋ ለየኋት። «ይህን ቬንትሌተር ከገዛሁ ወዲህ ላብ የሚባል ረሳሁ» ብላ ግሩፓችን ላይ የጻፈችው ናት። ላቧ እየተንጠፈጠፈ በካርቶን ታራግባለች!

ዛሬ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር የሄድኩት በፌስቡክ ጨረታ ያሸነፍኩትን ቻርጅ የሚደረግ ቬንትሌተር ልረከብ ነበር። ለካ ሴትዮዋ የሻጩ እህት ናት።

ፕሮፋይል ፎቶዋ ላይ ባየሁት ሶፋ ጫቱን ይዞ የተጋደመው ወንድማቸው ደግሞ ትናንት ኮሜንት ላይ እየተጫረተ ዋጋ የሰቀለብኝ ሰውዬ!

«መብራት ጠፍቶ ነው» አለኝ ሻጩ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ቻርጅ የሚደረገው ለመብራት መጥፋት አይደል እንዴ?»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ!»

ጥዬላቸው ወጣሁ።

ጀማሪ ገዢዎች፣ አመስጋኞቹ ሁሉ አንድ ሶፋ ላይ ፎቶ ከተነሡ ሽሹ። ጀማሪ ሻጮች፣ ቤተሰብ ካስመሰከራችሁ ቢያንስ ገዢ ሲመጣ ካርቶኑን ደብቁ።

በእናንተስ ላይ እንዲህ የተጫወተው የማን ቤተሰብ ነው?