አዲሷን ስኩተር ለአባቴ ሳደርስ

የጉዞዬ ዓላማ ወንድሜ ይሁኔ የገዛትን ስኩተር ከእንጅባራ ዳንግላ አጠገብ ላሉት አባታችን ማድረስና መንዳት ማስተማር ነበር። አባባን ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቀፎዎቻቸው ወደተሰቀሉበት ጫካ የሚያደርሳቸው ፈረስ በክረምቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ደርቤ የሚባል ጎረቤታችን ቀፎዎቹን ልግዛ እያለ ይመላለሳል። አባባ ስኩተሯን ከለመዱ ንቦቻቸውን ይዘው ይኖራሉ፤ ካልለመዱ ግን ቀፎዎቹ መሸጣቸው ነው።

ይሁኔ የድንች ንግዱን ትቶ መሄድ ስላልቻለ፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆንኩት እኔ በሴሚስተር እረፍቴ ተላክሁ። አስቀድሞ ሜዳ ላይ አለማመደኝ። እሱ ድሮ የሚነዳት ሞተር ሳይክል ማርሽ ነበራት፤ ይህቺ የላትም። የቀኙን እጀታ ወደ ራስ ሲያዞሩት ትፈጥናለች፣ ሲለቁት ትቀንሳለች፤ ሁለቱም ፍሬኖች በእጅ ናቸው።

“አዲስ ናት፣ አታስጩሂያት” አለኝ። “ዘይቷን እዪ፣ ንፋሷን አስለኪ። ውሃም አትድፊባት።”

ጠዋት፣ እንጅባራ

ጉም ስለነበር መብራት አብርቼ ወጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ አንድ ባለባጃጅ ቀስ ብዬ ሳልፍ አይቶ፣ “እህቴ፣ በዚህ አነዳድሽ ዳንግላ ለፋሲካ ትደርሻለሽ!” አለኝ። ፍሬኑን ጨምድጄ ከመያዜ የተነሳ ጣቶቼ ደንዝዘዋል።

አዲስ ቅዳም

በመንገዱ ግራና ቀኝ ለከሰል የሚሆነው የዲከረንስ ዛፍ ተተክሏል። ከሰል በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ መኪና ይጠብቃል፤ ጭሱ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ ዓይኔን አቃጠለኝ። የስኩተሯ ጎማ ትንሽ ስለሆነ እያንዳንዱ ጉድጓድ ወገቤ ድረስ ይሰማኛል። አዲስ ቅዳም ከተማ ቆሜ የተቀቀለ ድንች በአዋዜ በሃያ ብር በላሁ።

“ይቺ ሰው ትችላለች?” አለችኝ ሻጯ።

“ሁለት ሰው ትችላለች።”

“ከሰል ግን አትችልም። እንግዲያ ለዚህ አገር ምን ትሠራለች?” ብላ ሳቀች።

ዳንግላ አጠገብ

አባባ በር ላይ ሆነው ጠበቁኝ። ስኩተሯን ዞረው ዞረው አዩዋት።

“ምን ትበላለች?”

“ቤንዚን ነው አባባ። ዘይቷንም ማየት አለብዎት።”

የዘይት መለኪያዋን ራሳቸው አውጥተው፣ በጨርቅ ጠርገው፣ መልሰው ነክረው አዩ። ያልኳቸውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ደገሙልኝ። ደስ አለኝ፤ ንቦቹ የተረፉ መሰለኝ።

በማግስቱ ግጦሽ ሜዳው ላይ ወጣን። ደርቤም ሊያይ መጥቶ አጥር ተደግፎ ቆመ። አባባ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ሁለት ጊዜ በዝግታ ዞሩ። ከዚያ ጥጃ ከፊታቸው ገባ።

“ፍሬን!” ብዬ ጮህኩ።

አባባ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈረስ ያቆሙት ልጓም ወደ ራሳቸው ስበው ነው። ሁለቱን እጀታዎች ጨብጠው ወደ ደረታቸው ሳቡ። ስኩተሯ ጮሃ ተፈተለከች። ባሰባት ቁጥር አጥብቀው ሳቡ። ጥጃው አመለጠ፤ አባባ ቦይ ውስጥ ወደቁ።

ደርቤ ቀድሞኝ ሮጦ አነሳቸው። ክንዳቸው ተላልጧል፤ ሌላ ጉዳት የለባቸውም።

“ቁሚ እያልኳት ትሮጣለች እንዴ?” አሉኝ።

“አባባ፣ ሲስቧት ነዳጅ እየሰጧት ነው። መልቀቅ ነበረብዎት።”

“ሰው ደንግጦ ይለቃል? እንዴት ተደርጎ!”

ከሰዓት ለምኜ ደግመን ሞከርን። ገና መንቀሳቀስ ስትጀምር እጃቸው ወደ ኋላ ሳበ፤ እሷም ዘለለች። እንደምንም አስቁመው ወረዱና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጡ።

“ደርቤ፣ ና ቀፎዎቹን ላሳይህ። የትኛው ቀፎ ቁጡ እንደሆነ ማወቅ አለብህ” አሉት።

ደርቤ በቅሎውን አመጣላቸው። ደግፎ አወጣቸውና ልጓሙን ሰጣቸው። እስከ ጫካው ጫፍ በዓይኔ ሸኘኋቸው፤ በቅሎዋ ላይ እጃቸው አንዴም አልተሳሳተም።

መልስ

ስመለስ አዲስ ቅዳም መግቢያ ላይ ውሻ ድንገት አቋረጠኝ። ሳላስበው እጄ እጀታውን ለቆ ፍሬኑን ያዘ። ውሻው ተረፈ፣ እኔም ተረፍኩ፤ ከዚያ እስከ እንጅባራ ድረስ ግን አለቀስኩ።

ይሁኔ የስኩተሯን የተጫረ ጎን ዳሰሰ። “አባባስ?” አለኝ።

“ቀፎዎቹን ሸጡ።”

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ እኔ ስኩተሯን ቶሎ የለመድኩት ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳልሆነ ነው። እጄ ከዚያ በፊት የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ የሚረሳውም አልነበረውም። ይሁኔ ስኩተሯን ለእኔ ተዋት፤ አሁን ክፍል የምሄደው በእሷ ነው። ጓደኞቼ “ታድለሽ!” ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላቸውና ወደ ክፍል እገባለሁ።