ለእባብ የተሠራ ጎታ

ማሽላው ከአባቴ አገር፣ ከሰቆጣ በታች ካለው ከዝቋላ፣ ከመጣ ገና ብዙ አልቆየም። ለንፍሮ ብዬ የጆንያውን አፍ ስፈታ፣ ቡናማ ገመድ የመሰለ ነገር ተንሸራቶ እግሬ ሥር ወደቀ። ገመድ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ሰው አያይም። እንዴት እንደወጣሁ እንጃ፣ ጨርቅ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ቆሜ «እግዚኦ! እግዚኦ!» ስል ነው ራሴን ያገኘሁት። መቀሴን በእጄ ይዣለሁ። በመቀስ እባብ እንደማይገደል አሁን ይገባኛል፤ ያኔ ግን መድፍ የያዝኩ ነበር የመሰለኝ።

አባቴ ከመደባቸው ተነሡ። ሰቆጣ ከመጡ ጀምሮ እንዲህ ቶሎ ሲነሡ አይቻቸው አላውቅም። እባቡን በዱላቸው ጫፍ ወደ ግድግዳው መለስ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው በኽምጣና የሆነ ነገር አሉት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ፣

«እንዳትነኪው!» አሉኝ።

«እኔ ልነካው? እኔ?»

«የጎታ እባብ ነው። መርዝ የለውም፣ አይጥ ነው የሚበላው። በእኛ ቤት ከእህል ጋር የተገኘ እባብ ተገድሎ አያውቅም። አሁንም አይገደልም።»

«ኧረ አባዬ፣ ሔዋንን ያሳታት ማን ሆነና!»

«እሱ ሌላ ነው» አሉ ቆጣ ብለው። «ይኼ የዝቋላ ነው። ከገደልሽው በሚመጣው ገበያ መኪና አገሬ እገባለሁ።»

ይህ ለእኔ ቀላል ዛቻ አልነበረም። አባቴ ደም ግፊት አለባቸው፣ ያውም ክፉው። ማሳቸው ላይ ወድቀው ከተገኙ በኋላ ነው እየለመንኩ ያመጣኋቸው፤ ሐኪሙም ከሆስፒታል እንዳይርቁ ብሎናል። እናቴን ከዚያው ከዝቋላ በቃሬዛ ስናመጣት መንገድ ላይ ነው ያጣናት። ሰቆጣን ለማየት የቀረን አንድ አቀበት ነበር፤ ያን አቀበት እስከ ዛሬ በሕልሜ እወጣዋለሁ። ስለዚህ አባቴ ተመልሰው እዚያ ብቻቸውን ይኑሩ የሚለውን ነገር ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሰማውም። ይህን ስነግራቸው «እሺ» ይላሉ። የአባቴ እሺ ግን የሚታመን አይደለም። የመተኛ ቁርበታቸውን ዝቋላ ቤታቸው ውስጥ ሰቅለው ነው የመጡት፤ በእኛ ቤት ደግሞ ሰው ቁርበቱን ይዞ ካልወጣ ቤቱን ለቆ ሄደ አይባልም፣ ሊጠይቅ ወጣ ነው የሚባለው። ፍራሽ ገዝቼ አነጠፍኩላቸው። ጫፉ ላይ ብቻ ቁጭ ይላሉ፣ መኪና እንደሚጠብቅ ሰው።

ጩኸቴን የሰማችው አከራያችን ከፊት ለፊት ካለው ሱቋ እየሮጠች መጣች። እህል፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ የሚሸጥ ሁሉ ያላት ነጋዴ ናት፤ እኔ ከሱቋ ጀርባ ባለችው ክፍል ልብስ እሰፋለሁ፣ እዚያው እኖራለሁ። ልቧ ደግ ነው፣ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። እኔም ብሆን አላንስም፤ የተስማማነው ለዚያ ይመስለኛል። እባቡን ስታይ «ያ ረቢ!» ብላ በሩ ላይ ቀረች። አባቴ የነገሩኝን ነገርኳት። 

«አባባ፣ እርስዎን ስለማከብር አላስገድለውም» አለች። «ግን ቤት ይሠራለት፣ ይዘጋበት። እሱ ከቤቱ የወጣ ቀን እናንተም ከቤቴ ትወጣላችሁ። ወላሂ!»

እንግዲህ ገደልኩት፣ አባቴ ይሄዳሉ። አመለጠኝ፣ ሁላችንም እንሄዳለን። ወይ ጉድ! በመቀስና በመርፌ የምኖር ሴት እባብ አስተዳዳሪ ሆኜ ቁጭ።

ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አባቴ አስገቡልኝ። ክዳኑን በምስማር በሳስቼ ድንጋይ ጫንኩበትና አናጺ ዘንድ ሄድኩ። መስታወት ያለው ሳጥን እፈልጋለሁ አልኩት። «ለምን?» ሲለኝ «ለእባብ» አልኩት፤ እውነት መናገር አመሌ ነው። ስቆ ስቆ ሲጨርስ የጠራው ዋጋ ግን የሚያስቅ አልነበረም። በዚያ ገንዘብ ለራሴ አልጋ አሠራበታለሁ። ቤት ገብቼ አናጺውንም፣ እባቡንም፣ ማሽላውንም ስራገም አባቴ ይሰሙኛል።

በማግስቱ ስነቃ ፍራሹ ላይ የሉም።  ሄዱ! ነጠላዬን በአንድ ትከሻዬ ጎትቼ ወደ መናኸሪያ ልሮጥ ስል ደጃፍ ላይ ባጃጅ ቆመ፤ አባቴ ከውስጡ ቀይ አፈር የሞላ ማዳበሪያ ሲያወርዱ አገኘኋቸው። ጭድም ይዘዋል።

«ምን ሊያደርጉ ነው አባዬ?»

«ጎታ እሠራለታለሁ» አሉ። «ሳጥን ምን ይፈይድለታል? የለመደው ጎታ ነው።»

ጎታ መቼም ለእህል ነው የሚሠራው፣ በጭቃና በጭድ፣ እንደ ትልቅ እንስራ ቀስ በቀስ ከፍ እየተደረገ። ለእባብ ሲሠራ ማን አይቶ ያውቃል? አባቴ ግን ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃውን መርገጥ ጀመሩ። የቀላቀሉበትን እበት ከየት እንዳመጡት አልጠየቅሁም። ግቢው በሙሉ ዝቋላ ዝቋላ ሸተተ። አከራያችን አፍንጫዋን በሻርፗ ይዛ መጥታ አየች፣ ተመለሰች፣ ከዚያ የተሰነጠቀ የሱቅ መስታወት ይዛ መጣች።

«እንኩ፣ ይኼን ግድግዳው ላይ ያስገቡልኝ። የማላየው እባብ ነው የሚያስፈራኝ። የማየውን እችለዋለሁ።»

«ጎታ መስኮት አለው እንዴ?» አሉ አባቴ ተቆጥተው።

«የእርስዎ ጎታ ተከራይ አለው አባባ። ተከራይ መስኮት ይፈልጋል።»

ሳቁ። ሰቆጣ ከመጡ ወዲህ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መስታወቱን ጭቃው ውስጥ ቀብረው ዙሪያውን በአውራ ጣታቸው አለሰለሱት። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ እሳቸውም ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ውኃ ውስጥ እየነከሩ ስንጥቁን ይጠግናሉ። ክዳኑ የእኔ ድርሻ ነበር። ያረጀ የዱቄት ወንፊት አፉ ላይ ደፋሁበትና ዙሪያውን በወፍራም ጨርቅ ሰፍቼ ላስቲክ አስገባሁለት። ጥብቅ አለ። ራሴን አደነቅሁ፤ ለሙሽራ ቀሚስ እንኳ እንዲህ አልተጠበብኩም።

የቀረው ሙቀት ነበር። ዝቋላ ቆላ ነው፤ የሰቆጣ ብርድ ደግሞ አባቴን ራሳቸውን ያንቀጠቅጣቸዋል። አንድ ቀን የከሰል ካውያዬን የማሳርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እጃቸውን ሲያሞቁ አየኋቸውና፣ «ይኼንንስ ብንሰጠው?» አልኳቸው። ድንጋዩን እያሞቅሁ ጎታው ውስጥ ማስገባት ጀመርኩ። እባቡ ተጠምጥሞበት ሲተኛ ላየው፣ እኔም እሱን መሆን አሰኘኝ። አባቴ ደግሞ ወንበራቸውን ከጎታው አጠገብ አስጠግተው አንድ ላይ ይሞቃሉ።

እባብ ወተት ይወዳል ሲባል ስለኖርኩ በስኒ ወተት አስቀመጥኩለት። ዞር ብሎም አላየው። ወተቱ ረግቶ ጉንዳን ከጠራብን በኋላ ወደ ውኃ ዞርን። ምግቡን ያመጣችው አከራያችን ናት። አይጥ ሱቋን ሊጨርስባት ነበርና፣ ወጥመዷን በሁለት ጣት አንጠልጥላ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ አዙራ፣ «ቢስሚላህ፣ ተቀበሉኝ!» እያለች ትመጣለች። ከዚያ አልሄድም ትላለች። በመስታወቷ ፊት ቁጢጥ ብላ እያየች «አስተግፊሩላህ!» ትላለች፣ ደግማ ታያለች። ሱሪ ለማሳጠር የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ ቁጭ ብሎ መቅረት ጀመረ። አባቴም ዝቋላ ስላለው ጎታ፣ ስለ አያታቸው፣ አይጥ እህሉን ስለጨረሰበት ዘመን ያወራሉ። ክኒናቸውን አልውጥም ሲሉ «እሱ እንኳ የሰጡትን ይውጣል» ስላቸው፣ እባቡን አይተው፣ አኩርፈው ይውጣሉ። ፍራሹ ላይ ገባ ብለው መተኛት ጀመሩ። ተስፋ አደረግሁ። ፈራሁም፤ ደስ ያለው ሰው መፍራቱ አይቀርም።

አንድ ጠዋት ድንጋዩን አሙቄ ስመጣ፣ ጎታው ሥር ቁራጭ ጨርቅ ወድቆ አየሁ። የእኔው ጨርቅ ነው። ጎታው ባዶ ነበር።

እንዲህ ነው የሆነው። ጎታ ከሥሩ እህል የሚቀዳበት ቀዳዳ አለው፣ በጨርቅ ይወተፋል። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩት እንደዚያ ነውና፣ እጃቸው ሳያውቁት ያንኑ ቀዳዳ ትቷል። እኔም የተወለድኩት ጎታ ያለበት ቤት ነውና፣ ቀዳዳ ሳይ ጨርቅ አጣጥፌ ወተፍኩት። ምን ነካን! ማሽላ ጨርቅ ገፍቶ አይወጣም። ያ ሁሉ መስታወት፣ ያ ሁሉ ላስቲክ፣ ከሥር ግን በር ሠርተንለታል።

አባቴ ጨርቁን አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«አገሩን ፈልጎ ሄደ» አሉ። «እኔም እንግዲህ…»

ጋቢያቸውን ለበሱ። ዱላቸውን አነሡ። የመድኃኒቱን ከረጢት አላነሡም፣ ፍራሹ ላይ ተወት አደረጉት። ያን ሳይ ደሜ ፈላ።

«እንግዲያው ቃሬዛውን አሁኑኑ ላሠራልዎ?» አልኩ። «የእናቴን አቀበት እርስዎም ሊያሳዩኝ ነው?»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ልመልሰው አልቻልኩም። አባቴ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ጀርባቸውን ነው የማየው። ምን እንዳሰቡ ዛሬም አልጠየቅኋቸውም።

ከሱቁ ጩኸት መጣ። «አባባ! ኧረ ድረሱልኝ!»

ሮጥን። አከራያችን የዱቄት ከረጢት ክምር ላይ ወጥታ መጥረጊያዋን እንደ ጦር ይዛለች። ከሥሯ፣ ከማሽላ ጆንያዋ አጠገብ፣ የኛ ጉድ ተጠምጥሟል። አንድ ወፍራም አይጥ እስከ ግማሹ ውጧል። አለቀልን አልኩ በልቤ። አባቴ ሊያነሡት ጎንበስ ሲሉ፣

«ቆይ! ቆይ!» አለች ከላይ። «ይጨርሰው እንጂ! ያን አይጥ እኮ ከረመዳን ጀምሮ ነው የማሳድደው!»

ሦስታችንም ቆመን ጠበቅነው። ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፣ አይቸኩልም። የአይጡ ጅራት ሲጠፋ አከራያችን «አልሐምዱሊላህ» ብላ ወረደች። ከዚያ ትክ ብላ አየችን። ቃሏን ታስታውሳለች፣ እኔም አስታውሳለሁ፣ አባቴም። እባቡን በሁለት እጃቸው አቅፈው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«ምን ትገተራላችሁ?» አለች። «አባባ፣ ያንን ቀዳዳ ዛሬውኑ ይድፈኑት። ሲርበው ደግሞ እርስዎ በእጅዎ ይዘውልኝ ይምጡ። ብቻውን እንዳይመጣብኝ፣ ልቤን ያቆመዋል!»

አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ጭቃ አቦኩ። ውኃ እያቀበልኩ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ቃሬዛው ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ደጋግሜ አፌን ከፈትኩ፣ እሳቸው ግን «ውኃ» ይሉኛል፣ እሰጣቸዋለሁ። ቀዳዳውን ሊደፍኑ ሲሉ እጃቸው አመነታ።

«ቀዳዳ የሌለው ጎታ ሠርቼ አላውቅም» አሉ።

«ይሥሩት አባዬ።»

ጭቃውን ጠቀጠቁት። በአውራ ጣታቸው አለሰለሱት፣ እንደገና አለሰለሱት። እጃቸውን እየታጠቡ፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣

«ለወንድሜ ልጅ ደውዪለት» አሉኝ። «ቁርበቴን ያምጣልኝ።»

ደወልኩ። ዝቋላ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታው ላይ ነውና ነፋሱ ድምፁን ይበላዋል። «ምን?» አለ የአጎቴ ልጅ። «ቁርበቱን» አልኩ። «ቁርበቱን?» አለ። ነፋሱ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ቆይቶ፣ «እንግዲያው ቤቱን ልቆልፈው?» ሲል ጠየቀኝ። አባቴን አየኋቸው። እባቡን የሞቀው ድንጋይ ላይ እያስተኙት ነበር።

«ይቆልፈው» አሉ።

ስልኩን ዘግቼ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። ዓይኔ አላይልሽ አለኝ፤ የሰው ሱሪ አንዱን እግር ከሌላው ጋር ሰፋሁት።