የጠያቂ እጅ

ነፍስ ይማር ልትሉ የመጣችሁ ሁሉ፣ እስቲ ስሙኝ። አያቴን የገደላቸው የስኳር በሽታ ብቻ አይደለም፤ እናንተም አላችሁበት።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሽላቸውን ሲበሉ የኖሩ የራያ ገበሬ ነበሩ። እግራቸው ቆስሎ ሲተኙ ሐኪሙ ጣፋጭ የሚባል ነገር እንዳይቀምሱ ከለከላቸው። ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም። እናንተ ግን በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅም ብላችሁ፣ ከሮቢትም ከጎብዬም በባጃጅ ለስላሳ ጭናችሁ መጣችሁ። ጠርሙሱን ራሳችሁ ከፍታችሁ፣ «ይጠጡ እንጂ፣ ትንሽ ምን ይላል? ጉልበት ይሆንዎታል» እያላችሁ ለመናችኋቸው።

እሳቸው ደግሞ «የጠያቂ እጅ አይመለስም» የሚሉት ነገር ነበራቸው። አንድ ቀን ጠያቂ ፊት ጠርሙሱን ልቀማቸው ስል በከዘራቸው ገፉኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ከቤቴ አኩርፎ ከሚወጣ እግሬ ይቆረጥ!»

ተቆረጠ። እናንተም «እንኳን እግዜር ማረዎ» ልትሉ ያንኑ ለስላሳ ይዛችሁ ተመለሳችሁ።

አሁን መደቡ ባዶ ነው። ትናንት አንዷ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ፣ ያመጣችውን ለስላሳ እሳቸው ይተኙበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጠችው። አንስቼ መልሼ እጇ ላይ አስያዝኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

ከአባባ ቤት ሰው አኩርፎ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። በከዘራ የሚገፋኝም አልነበረም።